ዓሣን በአገሬው ስም የመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው አስፋልት ቁልቁል ወርዶ ግቤን በሚሻገርበት ሸለቆ፣ መንጠቆውን ወደ ውኃው የወረወረ ሰው ቅርፊቱ ትላልቅ፣ ከአፉ ዳርና ዳር አጫጭር ሪዝ የተንጠለጠለበት፣ ጎኑ ወርቃማ ወይም ብርማ የሆነ ዓሣ ሊያወጣ ይችላል። ገበያው ባርበስ ይለዋል። የግብርናና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች ግን በመዝገባቸው ላይ ላቤዮባርበስ ብለው ይጽፉታል። ይህን የወገን ስም ለሳይንስ ያበረከተው ከ190 ዓመት ገደማ በፊት በጎንደር ተቀምጦ፣ የጣናን ዓሦች ሰብስቦ ወደ አገሩ የተመለሰው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል የጉራጌን ምድር አልረገጠም፤ ግቤንም ዋቤንም አላየም። ሆኖም በእነዚህ ወንዞች ዳር የሚቆም መንጠቆ ጣይ የትኛውን ክር፣ የትኛውን መንጠቆ፣ የትኛውን ማታለያ መያዝ እንዳለበት ለማወቅ፣ የዚህን ሰው ሥራ መከተል ብዙ ይጠቅመዋል።

ኤድዋርድ ሩፔል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱትም ዓመታት አንድ አዋጅ ካልሆነ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ነበር። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ አደገ። በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና ባደረገው ጉዞ ግን ልቡ ከሒሳብ መዝገብ ይልቅ ወደ አራዊትና ወደ ዕፅዋት አዘነበለ። ያዩትን ሁሉ አድንቀው ከሚመለሱ መንገደኞች የተለየ እንደነበረ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነገር ነው። ዝግጅት እንደሚጎድለው ተረድቶ ወደ ኢጣሊያ ሄደ፤ በፓቪያና በጄኖቫ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ትምህርት ተማረ። በትውልድ ከተማው ያኔ ገና የተመሠረተው የዘንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር አባልም ሆነ።

በ1822 በጀመረው የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ግብጽን፣ ኑብያን፣ ኮርዶፋንን፣ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ አዳርሶ በ1827 ተመለሰ። የቀይ ባሕርን ዓሦች የሚያጠኑ ሰዎች ስሙን እስከ ዛሬ በየገጹ ያገኙታል። ለዚህ ጽሑፍ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ጉዞ ነው።

ሩፔል በ1831 መስከረም ገደማ ምጽዋ ደረሰ። አብሮት የዘንከንበርግ ቤተ መዘክር የአራዊት ቆዳ አልፊ የነበረው ቴዎዶር ኤርክል ነበረ። ያገኙት አገር ሰላም የራቀው ነበር። ዘመነ መሳፍንት ነበርና ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት ተሸንፈው ተገድለዋል፤ በሰሜኑ ክፍል የደጃዝማች ውቤ ኃይል እየገነነ ነበር። አንድ የውጭ አገር ሰው ሣጥንና ጠርሙስ አስጭኖ ከአንዱ መስፍን ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር ደጅ መጥናት፣ ስጦታ መስጠትና መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረበት። ሩፔልም በዚህ ዓይነት በትግራይና በሰሜን ተራሮች በኩል አድርጎ ጎንደር የገባው ከምጽዋ ከተነሳ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ በ1832 ጥቅምት ገደማ ነው። እስከ 1833 ግንቦት ድረስም መቀመጫውን በዚያ አደረገ።

በሰሜን ተራሮች ያየው ሁሉ ለብቻው አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ ወግ ገልጾ ያሳተመው እርሱ ነው። ጭላዳና ዋልያ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የያዙት መጠሪያ አማርኛው ራሱ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ስም ተጠርቷል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አሳሾች ለአዲስ እንስሳ የንጉሣቸውን፣ የደጋፊያቸውን ወይም የወዳጃቸውን ስም መስጠት ያዘወትሩ ነበር። ሩፔልም ይህን ጨርሶ አልተወም፤ አንዲት ቆቅ መሰል ወፍ በኤርክል ስም ትጠራለች። ነገር ግን አገሬው ጥርት ያለ ስም በሰጠው እንስሳ ላይ ሌላ ስም መጫን አልወደደም። ይህ ልማዱ ከተራራው ወርዶ ጣና ዳር ሲደርስ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ አፈራ።

ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሰፊ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ብዙም ሳይርቅ ጢስ እሳት ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ስለዚህ የሐይቁ ዓሦች ለብቻቸው ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖሩ። ከአንድ ዘር የተነሱት ባርበሶችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የምግብ ገበታ ያዙ፤ አፋቸውም ለዚያ ገበታ እንዲስማማ ተለወጠ። በሐይቁ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት የነገደ ወይጦ ሰዎችና ሌሎች አጥማጆች ይህን ልዩነት ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ ለየዓሣውም የየራሱን ስም ሰጥተውታል።

ሩፔል በ1835 ባሳተመው የናይል ዓሦች ጽሑፍ ከጣና ያገኛቸውን በርካታ ዓሦች በሥዕል አስደግፎ ገለጸ። ከመካከላቸው ነጂያ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስና ቤሶ የተባሉት ስሞች ከአገሬው አፍ የተወሰዱ ናቸው። አንድን ዓሣ ከሌላው ለይቶ እንዲህ ያለ ስም ለመጻፍ ዓሣውን በእጁ ከያዘው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ላቤዮባርበስ የተባለውን የወገን ስም ያወጣውም በነጂያ መነሻነት ነው፤ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ የሆነ ባርበስ ማለቱ ነው። ኢንተርሚዲየስ ያለው ዓሣም በዚያው ጽሑፍ ተገለጸ። ይህ ዓሣ በጣና ብቻ ሳይወሰን በኢትዮጵያ ብዙ ወንዞችና ሐይቆች ይገኛል፤ ከጉራጌ ተራሮች የሚነሳው የመቂ ወንዝ የሚገባበት የዝዋይ ሐይቅም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ከሞቱ በኋላ ግን ይህ ሥራ ረጅም ውዝግብ ጠበቀው። በሃያኛው መቶ ዘመን ሌሎች ተመራማሪዎች አዳዲስ ስሞችን እየጨመሩ መዝገቡን አጨናነቁት። በ1973 ደግሞ አንድ ሰፊ ክለሳ ወጥቶ እነዚያን ሁሉ ስሞች ማለት ይቻላል በአንድ ኢንተርሚዲየስ ሥር ጠቀለላቸው። ክለሳው በአፍና በከንፈር መለያየቱን የአንድ ዓሣ ልዩ ልዩ መልክ አድርጎ ቆጠረው። ጎርጓሪም ነጂያም ሱርኪስም ከሊቃውንቱ መጽሐፍ ተፋቁ። ከታንኳው ላይ ግን አልተፋቁም። አጥማጁ ዓሣውን በአሮጌ ስሙ መጥራቱን ቀጠለ።

በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ሌዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የጣናን ባርበሶች እንደገና መመርመር ጀመሩ። የዓሦቹን የራስ ቅል ለኩ፣ ሆዳቸውን ከፍተው ምን እንደበሉ ተመለከቱ፣ የት ጥልቀት ላይ እንደሚገኙና የት እንደሚራቡ መዘገቡ። የደረሱበት ውጤት ከታንኳው ሰዎች ዕውቀት ጋር ገጠመ። በጣና 15 የተለያዩ የትላልቅ ባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል አዳኞች ናቸው። ሩፔል በ1835 ያወጣቸው ስሞች ወደ መዝገቡ ተመለሱ። ላቤዮባርበስ የተባለው የወገን ስምም ለረጅም ጊዜ ተትቶ ከቆየ በኋላ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እርሱ ነው።

ለመንጠቆ ጣይ ሰው ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአሜሪካ ሐይቆች ስመ ጥሩ የሆነውና በጎረቤት ኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ የተጨመረው ባስ የተባለው አዳኝ ዓሣ ለእኛ ወንዞች እንግዳ ነው። አድብቶና አሳድዶ ትንሽ ዓሣ በመያዝ የእርሱን ቦታ የሚተካው ባርበስ ነው፤ ስለዚህ ስለ ባስ የተጻፈ ምክር ሁሉ እንዳለ አይሠራም። ትልቁ ልዩነት አፉ ነው። የባርበስ መንጋጋ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ከጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ምግቡን ይውጥና እዚያ ይፈጨዋል። ከዚህ የተነሳ ለባለ ስለታም ጥርስ ዓሣ ከመንጠቆው በላይ የሚታሰረው የብረት ሽቦ ለባርበስ ትርፉ ዓሣውን ማስደንገጥ ነው።

ጥርስ የሌለው አዳኝ ያደነውን ቆርጦ መብላት ስለማይችል ትልቅ ነገር አይደፍርም። የጣና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዓሣ በል ባርበስ የሚውጠው ዓሣ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ርዝመት ከሩብ በታች ነው። 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባርበስ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማታለያ ይበቃዋል፤ የእጅ ትንሽ ጣት የምታክል ማለት ነው። ትልቅ ማታለያ ትልቅ ዓሣ ይስባል የሚለው የብዙ ጀማሪዎች እምነት እዚህ ላይ ከንቱ ነው። ውኃው በበጋ ሲጠራ ማንኪያ መሰል ብርማ ብረት ወይም ትንሽ ዓሣ የምትመስል ማታለያ ከወንዙ አግድም ወርውሮ ከጅረቱ ጋር እየጎተቱ ማምጣት ይሻላል። ዝናቡ አፈሩን አውርዶ ውኃው ሲደፈርስ ደግሞ ዓይን አይሠራምና በጎኗ የምትሽከረከር ቅጠል ብረት ያላት ማታለያ ትመረጣለች፤ ዓሣው መንቀጥቀጧን በአካሉ ይሰማዋል።

ሁሉም ባርበስ ግን አዳኝ አይደለም፤ ሩፔል ለየብቻ ስም የሰጣቸውም በዚህ ይለያያሉ። ጎርጓሪ ዓሣ በል ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ማታለያ ይከተላል። ወፍራም ከንፈር ያለው ነጂያ ከድንጋይ ሥርና ከጭቃ የነፍሳት እጭ የሚለቅም ነው፤ ለእርሱ ትል የተሰካበት መንጠቆ በትንሽ እርሳስ ተደርጎ ወደ ወለል መውረድ አለበት። ሱርኪስ ዕፅዋት በል ነው፤ ብረት ቢወረወርለት ዞር ብሎም አያይም፣ የሊጥ ቁራጭ ግን ሊያነሳ ይችላል። ቤሶ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየፋቀ የሚኖር በመሆኑ በመንጠቆ እምብዛም አይገኝም። ኢንተርሚዲየስ ያገኘውን የሚበላ ነው፤ ጀማሪ ሰው የሚደሰተውም በእርሱ ነው። የግቤና የዋቤ ባርበሶች የጣናን ያህል ባይለያዩም፣ የመጀመሪያውን ዓሣ ያወጣ ሰው ከንፈሩንና የአፉን አከፋፈት ቢመለከት ለሁለተኛው ምን መስካት እንዳለበት ይረዳል። አፉ ወደ ታች የተከፈተ ከወለል ይበላል፤ አፉ ሰፊና ወደ ፊት የተከፈተ ያሳድዳል።

ክሩን በተመለከተ፣ ባርበስ በጅረት ውስጥ ያደገ ጉልበተኛ ዓሣ ነው። መንጠቆው እንደያዘው የመጀመሪያ ሥራው ወደ ድንጋይ መሮጥ ነው። የተጎነጎነው ዘመናዊ ክር ቀጭንና ብርቱ ቢሆንም ሻካራ ድንጋይ ሲነካ ቶሎ ይበጠሳል። በግቤ ድንጋያማ ክፍል ከ0.28 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጠላ የናይለን ክር ይመረጣል። የተጎነጎነውን የያዘ ሰውም ከመንጠቆው በላይ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ናይለን ይቀጥልበት። ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደረቅ ናይለን ሲጠበቅ ራሱን ያቃጥላልና ጉልበቱን ያጣል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር በጣት መዳሰስ፣ የሻከረ ነገር ከተሰማም ቆርጦ እንደገና መቋጠር ነው። ናይለንን ፀሐይ ይጎዳዋል፤ ከሱቅ ደጅ ወራት ሲሰቀል የኖረ ጥቅል ርካሽ ቢሆንም አይገዛም። ዘንግ ለሌለውም የክር ጥቅሉን በጠርሙስ ወይም በጣሳ ላይ ጠምጥሞ መወርወር የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። ጉማሬ ባለበት የግቤ ዳርቻ ግን ሲነጋና ሲመሽ ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም አይገባም፤ በግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ክልልም ያለ ፈቃድ መንጠቆ መጣል አይቻልም።

ከመሣሪያ ምርጫ ጋር የተያያዘው ከባዱ ጉዳይ ጣና ላይ የታየው ነው። እስከ 1986 ድረስ የጣና ማጥመድ በአብዛኛው የደንገል ታንኳ ሥራ ነበር። በዚያ ዓመት ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ። ባርበስ ደግሞ አንድ ድክመት አለው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ በርካታ ዝርያዎች ለመራባት ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ አፍ ይሄዳሉ። መረብ በወንዙ አፍ ላይ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የዓመቱን እናት ዓሦች ያነሳል። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የጣና ባርበስ መጠን በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. የወጣው በዚህ ዓይነት ሥጋት መካከል ነው። ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው በዝዋይም ባርበስ ዛሬ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ሲነጻጸር ብርቅ ሆኗል።

መንጠቆ ከመረብ የሚለየው አንድ በአንድ ስለሚይዝና ስለሚያስመርጥ ነው። የመንጠቆውን ጫፍ ወደ ኋላ የሚመልሰውን እሾህ በጉጠት ጨፍልቆ ማስተኛት፣ እንቁላል ያዘለችውን ዓሣ በረጠበ እጅ ይዞ መመለስ፣ በመራቢያ ወራት ከገባሮች አፍ መራቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ነጋዴ መረብ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቢፈልግም አይችልም።

ሩፔል ራሱ ይህን ሁሉ አላየም። በ1834 ወደ አውሮፓ ተመልሶ የኢትዮጵያ ጉዞውን በሁለት ክፍል ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ። የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር በ1839 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ ከእንግሊዝ ውጭ ላለ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢው ያገኛቸውን የግእዝ የብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት አስረከበ። የወረሰውን ሀብት ያፈሰሰው በጉዞ ላይ ነበርና በኋለኞቹ ዓመታት እንደ ባለጸጋ አልኖረም። ከተፈጥሮ ጥናትም ቀስ በቀስ ርቆ ወደ አሮጌ ሳንቲሞች ምርመራ አዘነበለ። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ብዙ ሊባል ይችላል፤ የማኅበር ውስጥ ጭቅጭቅ ታጋሽ ላልሆነ ሰው እንደሚመርረው ግን ግልጽ ነው።

በስሙ የሚጠራው ትልቁ ጥንብ አንሣ በ1973 በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ሲበር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ለወፎች ከፍታ ክብረ ወሰን ሆኗል። በአጋጣሚ የሩፔል የዓሣ ስሞች በክለሳው የተሰረዙትም በዚያው ዓመት ነው።

ኤድዋርድ ሩፔል ዲሴምበር 10 ቀን 1884 በተወለደባት ፍራንክፈርት በ90 ዓመቱ አረፈ። ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ሆነው እስከ ዛሬ በዘንከንበርግ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የቫኸኒንገኖቹ ተመራማሪዎች ከጣና ያወጧቸውን ዓሦች ለማነጻጸር የሄዱት ወደ እነዚያ ጠርሙሶች ነው፤ የጎርጓሪና የነጂያ ስምም በመዝገባቸው ላይ እንዳለ ነው።